መድኃኒት ያለ አራሚ እንዳይሰጥ

መድኃኒትና መርዝ በአንድ ብልቃጥ ውስጥ የሚያድሩ ጎረቤቶች ናቸው። በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረው ፓራሴልሰስ የተባለው የስዊስ ሐኪም፥ መድኃኒቱን ከመርዙ የሚለየው ልኩ እንደ ሆነ አስተምሮ ነበር። ይህን ነገር ግን የአገራችን ሰው ከመጽሐፍ ሳይማረው ከኑሮው ያውቀዋል። አባቶቻችን ኮሶ ሲጠጡ ልኩን ይጠነቀቁ የነበረው በከንቱ አልነበረም፤ ከልኩ ያለፈ ኮሶ ትሉን ከማውጣት አልፎ ጠጪውን ራሱን ይጎዳል፥ ዐይንንም እስከ ማፍዘዝ ይደርሳልና።

ዛሬ በሐኪም ቤቶቻችን የሚሰጠው መድኃኒት ከኮሶው ዘመን ይልቅ እጅግ የበረታና እጅግ የበዛ ሆኗል። ኃይሉ በበረታ መጠን ጥቅሙም ጉዳቱም አብሮ በረታ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልንገልጸው ያሰብነው ነገር፥ መድኃኒት በሐኪም ቤት ለተኛው ሕመምተኛ በሚሰጥበት ጊዜ ጥንቃቄው እንዴት መሆን እንደሚገባውና፥ ለዚሁ ጥንቃቄ ተብሎ የተማረው ባለሙያ፥ ማለት ክሊኒካል ፋርማሲስት የሚባለው፥ ስፍራው የት እንደ ሆነ ነው።

በጥንት ዘመን ሐኪሙና መድኃኒት ቀማሚው አንድ ሰው ነበሩ። በሽታውን የሚመረምረው፥ ሥሩን የሚምሰው፥ ቅጠሉን የሚወቅጠው፥ ዋጋውንም የሚቀበለው ያው አንዱ ነበር። በ13ኛው መቶ ዓመት ንጉሠ ነገሥት ፍሬዴሪክ 2ኛ በደቡብ ኢጣልያና በሲሲልያ ግዛቱ ባወጣው ሕግ የሐኪሙን ሥራ ከቀማሚው ሥራ ለየ፤ ሁለቱም በንግድ እንዳይሻረኩ ከለከለ። ምክንያቱም አንዱ የሌላውን ሥራ ሊመለከት የሚችለው በጥቅም ያልተሳሰረ እንደ ሆነ ነው። በአገራችንም በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዶክቶር ሜራብ የተባለው የጆርጂያ ተወላጅ ሐኪም በአዲስ አበባ መድኃኒት ቤት ከፍቶ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን መድኃኒት ቀማሚ ማለት በሕዝቡ ዘንድ ከመስኮት ኋላ ቆሞ ማዘዣ የሚቀበል፥ ክኒንም ቈጥሮ የሚሰጥ ሰው ማለት ሆኖ ኖረ።

ይህ አሳብ የተለወጠው በቅርብ ዘመን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 (ከዚህ በታችም የውጭ አገሩን ነገር ስንናገር በዚሁ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፥ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ቤት፥ የመድኃኒት ባለሙያዎች ከመጋዘኑ ወጥተው ሕመምተኞች ወደ ተኙበት ወደ 9ኛው ፎቅ ወጡ። በዚያም ከሐኪሞችና ከነርሶች ጋራ ሆነው ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የታዘዘውን መድኃኒት ይመረምሩ ጀመር። ክሊኒካል ፋርማሲ የሚባለው ሙያ ከዚህ ሥራ እንደ ተወለደ በሙያው ታሪክ ይነገራል። እንግዲህ ክሊኒካል ፋርማሲስት ማለት በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የሚያገለግል የመድኃኒት ሊቅ ማለት ነው። ሐኪሙ የበሽታው ዐዋቂ እንደ ሆነ እርሱም የመድኃኒቱ ዐዋቂ ነው፤ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ፥ በየትኛው መንገድ እንደሚወጣ፥ ከየትኛው መድኃኒት ጋራ እንደሚስማማና እንደሚጣላ ጠንቅቆ የተማረ ነው።

ይህን ነገር ከቤተ ክህነት ትምህርት የወጣ አንባቢ በቀላሉ ያስተውለዋል። የብራና መጽሐፍ ሲጻፍ ጸሐፊው ምንም እጁ የሰላ፥ ልቡም የበራ ቢሆን፥ ጽሑፉን ሌላ ሰው ከምንጩ ጋራ እያስተያየ ሳያርመው እንዲነበብ አይወደድም። ዐይን ከመስመር ወደ መስመር ትዘላለች፤ አንዲቱ ቃል ሁለት ጊዜ ስትገኝ በመካከል ያለው ሁሉ ይቀራል፤ አንዲት ፊደል ስትለወጥም ምሥጢሩ ይገለበጣል። አራሚ መቆሙ ለጸሐፊው ስድብ አይደለም፤ የመጽሐፉ ክብር ነው እንጂ። በመጽሐፍና በመድኃኒት መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ በብራና ላይ የተሳተ ፊደል በካራ ተፍቆ ይስተካከላል፥ በሰው ደም ውስጥ የገባ መድኃኒት ግን ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይፋቅም።

ስሕተት የሚገባው በአንድ በር ብቻ አይደለም። መድኃኒት ከሐኪሙ አሳብ ተነሥቶ እስከ ሕመምተኛው አካል እስኪደርስ ድረስ ብዙ እጅ ያልፋል። ሐኪሙ ያዝዛል፥ ሌላው ማዘዣውን ያነባል፥ ሌላው ከመደርደሪያ ያወርዳል፥ ሌላው ይበጠብጣል፥ ሌላው በመርፌ ይወጋል ወይም በአፍ ይሰጣል። በሙያው ዘንድ አምስት ነገር ሊስተካከል ይገባል ይባላል፤ ይኸውም ለሚገባው ሰው፥ የሚገባው መድኃኒት፥ በሚገባው ልክ፥ በሚገባው ጊዜ፥ በሚገባው መንገድ እንዲሰጥ ነው። ከአምስቱ አንዱ ቢጎድል አራቱ መልካም መሆናቸው አያድንም።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። ክብደቱ 10 ኪሎ የሆነ ሕፃን ቢያተኩሰው የሚሰጠው ፓራሲታሞል በኪሎ እስከ 15 ሚሊግራም ነውና አንድ ጊዜ የሚሰጠው ልክ 150 ሚሊግራም ነው። የአንዲት ዜሮ ስሕተት ብትገባ 1500 ይሆናል፤ ይህም አሥር እጥፍ ነው፥ ቢደጋገምም ጉበቱን ሊያጠፋው ይችላል። እንዲሁም የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ሲታዘዝለት መለኪያው አሃድ ነው፤ ይህንኑ በላቲን ፊደል አሳጥረው በአንዲት ምልክት ሲጽፉት ምልክቲቱ አፏ የተገጠመ እንደ ሆነ ዜሮ ትመስላለች፤ 4 የተባለውም 40 ሆኖ ይነበባል። አርባ አሃድ አራት ለሚገባው ሰው መስጠት ደግሞ ለሞት የሚያደርስ ነው። በመርፌ የሚሰጠውና ያልተበረዘው ፖታሲየም ክሎራይድም ብልቃጡ የመበጥበጫ ውኃ ብልቃጥ መስሎ ቢወሰድና በቀጥታ በደም ሥር ቢሰጥ ልብን ወዲያው ያቆማል። ስለዚህ ነው በብዙ ሐኪም ቤት ከሕመምተኞች ክፍል መደርደሪያ ተነሥቶ ተለይቶ እንዲጠበቅ የተደረገው።

ከዚህም ሌላ ለብቻቸው መልካም የሆኑ ሁለት መድኃኒቶች ሲገናኙ የሚጣሉበት ጊዜ አለ። በአገራችን የልብ በር ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባለውን ክኒን ይወስዳሉ። ለእንደዚህ ያለው ሰው ስለ ሆድ ሕመም ሜትሮኒዳዞል ቢታዘዝለት የዋርፋሪኑ ኃይል ከፍ ይልና ደም ሊፈስሰው ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ ጉበት ሌሎችን መድኃኒቶች ቶሎ እንዲያጠፋ ያደርጋል። ስለዚህ የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነው ዶሉቴግራቪር፥ ለወትሮው በቀን አንድ ጊዜ 50 ሚሊግራም የሚሰጠው፥ ከሪፋምፒሲን ጋራ ሲሆን በቀን ሁለት ጊዜ እንዲሰጥ ታዝዟል። ይህን ሳያስተውል ሁለቱን እንዲያው ያዘዘ ሰው ሕመምተኛውን መድኃኒት እየዋጠ ያልታከመ ያደርገዋል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰውም ጀንታማይሲን በወትሮው ልክ ቢሰጥ የቀረውን ኩላሊት ያደክማል፥ ጆሮንም ያደነቍራል። በአዲስ ለተወለደ ሕፃን ሴፍትሪያክሶን ካልሲየም ካለበት ፈሳሽ ጋራ በደም ሥር ቢገናኝ ደቅቆ ይረጋል፤ ሕፃኑንም ለሞት ሊያበቃው ይችላል።

እነዚህን ሁሉ አንድ ሐኪም፥ ያውም ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሐኪም፥ በየሰዓቱ በልቡ ይዞ እንዲገኝ መጠበቅ የሰውን ተፈጥሮ አለማወቅ ነው።

ለዚህ ነገር ምስክር እንዲሆን በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የሆነውን እናስታውስ። ቤትሲ ሌማን የምትባል የ39 ዓመት ሴት ቦስተን ግሎብ በሚባለው ጋዜጣ ስለ ጤና ጉዳይ የምትጽፍ ጋዜጠኛ ነበረች። በጡት ነቀርሳ ታማ በዚያው ከተማ በስመ ጥሩው በዳና ፋርበር የነቀርሳ ተቋም ስትታከም፥ ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባል ብርቱ መድኃኒት ታዘዘላት። በአራት ቀን ተከፋፍሎ ሊሰጣት የታሰበው ጠቅላላ ልክ ሳይከፈል ሙሉው በየቀኑ ለአራት ቀን ተሰጣት፤ ማለት ከሚገባው አራት እጥፍ ሆነ። ዲሴምበር 3 ቀን 1994 ሞተች። ስሕተቱ የታወቀው በሚከተለው ዓመት በፌብሩዋሪ፥ መዝገብ የሚያገላብጡ ሠራተኞች ቍጥሩን ሲያስተያዩ ነው። በዚያች ማዘዣ ላይ ሐኪም ነበረ፥ መድኃኒት ቀማሚ ነበረ፥ ነርስም ነበረች፤ ሁሉም የተማሩ፥ ተቋሙም በዓለም የታወቀ ነበር። ስለ ጤና ሕዝብን ስታስተምር የኖረች ሴት በማዘዣ አጻጻፍ ጉድለት መሞቷ ብዙ ሰው አስደነገጠ፤ ተቋሙም የማዘዣውንና የቍጥጥሩን ሥርዓት እንደ አዲስ አደራጀ። የማሳቹሴትስ መንግሥትም በኋላ ለሕመምተኞች ደኅንነት የሚሠራ መሥሪያ ቤት በስሟ አቋመ።

ከዚህ ነገር የምንማረው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፥ የሰው ትጋት ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ሁለተኛው፥ የመድኃኒት ባለሙያ በሐኪም ቤቱ ውስጥ መኖሩ ብቻ እንደማይጠቅም ነው። ባለሙያው ከሩቅ ሆኖ የተጻፈውን ብቻ የሚያይ፥ የሕመምተኛውንም ነገር የማያውቅ፥ ጠርጥሮም ለማቆም ሥልጣን የሌለው ከሆነ፥ አራሚ ሳይሆን አቀባይ ይሆናል።

በዚያው በቦስተን ከተማ የተደረገ ሌላ ምርመራ ደግሞ መልካሙን ጐን ያሳየናል። በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሐኪም ቤት፥ ብርቱ ሕመምተኞች በሚተኙበት ክፍል፥ አንድ ከፍ ያለ ትምህርት ያለው የመድኃኒት ባለሙያ በየጥዋቱ ከሐኪሞቹ ጋራ ከአልጋ ወደ አልጋ እየዞረ መድኃኒት በሚታዘዝበት በዚያው ሰዓት አሳቡን እንዲሰጥ ተደረገ። ውጤቱ በ1999 ታትሞ ወጣ። በማዘዝ ስሕተት የሚመጣውና ሊቀር ይችል የነበረው ጉዳት፥ በ1000 የሕክምና ቀን 10.4 የነበረው ወደ 3.5 ወረደ፤ ይህም ከሦስቱ ሁለቱ ቀረ ማለት ነው። ባለሙያው ስለ ትእዛዝ ከሰጠው 366 አሳብ ውስጥ ሐኪሞቹ 362ቱን ተቀበሉት። በዚህ ቍጥር ውስጥ የሚበልጠው ቁም ነገር ይህ የመጨረሻው ይመስለናል፤ ሐኪሞቹ እንደ ነቀፋ አላዩትም፥ እንደ ረዳት እንጂ።

እውነት ነው፥ ያ ሐኪም ቤት ሀብታም ነው፥ ክፍሉም የተለየ ነው፤ ቍጥሩን እንዳለ አንሥተን ወደ አገራችን ልናዛውረው አይገባም። ነገር ግን ዜሮ የሚያሳስተው በቦስተን ብቻ አይደለም፥ ድካምም የሁሉም አገር ሐኪም ዕጣ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2017 በጀርመን አገር በቦን ከተማ ‹መድኃኒት ያለ ጉዳት› የሚል ትርጓሜ ያለው ዘመቻ ሲጀምር፥ ከመድኃኒት ስሕተት የተነሣ በዓለም በየዓመቱ 42 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደሚጠፋ ገምቶ ነበር። ድርጅቱ ከሁሉ ይልቅ ሦስት ስፍራ እንዲጠበቅ መክሯል፤ እነዚህም አደገኛ መድኃኒቶች የሚሰጡበት ሁኔታ፥ አንድ ሰው ብዙ መድኃኒት በአንድነት የሚወስድበት ጊዜ፥ ሕመምተኛውም ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል ወይም ከሐኪም ቤት ወደ ቤቱ የሚሸጋገርበት ሰዓት ናቸው።

በአገራችን የመድኃኒት ትምህርት በከፍተኛ ደረጃ መሰጠት የጀመረው ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 ነው። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ትምህርቱ ከአራት ዓመት ወደ አምስት ዓመት ከፍ ብሎ፥ ተማሪው ከብልቃጡ ይልቅ ሕመምተኛውን እንዲያውቅ ሆኖ ተሻሻለ፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲም የክሊኒካል ፋርማሲ የማስተርስ ትምህርት ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ በየዩኒቨርሲቲው ብዙ ወጣቶች ተመርቀዋል። ስለዚህ ሰው የለንም ለማለት አንችልም። የቀረው ጥያቄ የተማረው ሰው በተማረበት ስፍራ ቆሟል ወይ የሚለው ነው። በሙያው ያሉ ሰዎች እንደሚናገሩት፥ የሠራተኛ ቍጥር ባነሰ ጊዜ አስቀድሞ ከስፍራው የሚነሣው ይኸው በአልጋ አጠገብ የሚያገለግለው ባለሙያ ነው፤ ወደ መጋዘን ቈጠራ ወይም ወደ መስኮት ይላካል። መጋዘኑ ባዶ ሲሆን ሁሉ ይጮኻል፤ አንድ ማዘዣ ሳይታረም ሲያልፍ ግን የሚጮኽ የለም፥ የተጎዳውም ሰው በበሽታው ሞተ ተብሎ ይቀበራል። የማይሰማ ጉዳት ጉዳት አይደለም ብሎ ማሰብ ግን ከአስተዳዳሪ አይጠበቅም።

ይህ ባለሙያ በስፍራው ሲቆም የሚሠራው ሥራ ግልጽ ነው። ሕመምተኛው ሲገባ በቤቱ ይወስደው የነበረውን መድኃኒት ሁሉ፥ የባህሉንም ቅጠልና ሥር ጭምር፥ ጠይቆ ይጽፋል። በየዕለቱ ካርዱን ከላቦራቶሪው ውጤት ጋራ ያስተያያል፤ የኩላሊቱንና የጉበቱን ኃይል አይቶ ልኩን ያሰላል። ሴፍትሪያክሶንን የመሰለ ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያለ ምክንያት ተጀምሮ እንደ ሆነ፥ ወይም ማቆሚያው ሳይነገር ቀርቶ እንደ ሆነ ያሳስባል፤ ያለ ልክ የሚሰጥ እንደዚህ ያለ መድኃኒት ተሕዋስያኑን ያለምዳልና። ሕመምተኛው ሲወጣም አስቀምጦ ያስረዳዋል፤ የትኛውን በጥዋት፥ የትኛውን ከምግብ በኋላ፥ የትኛውን እስከ መቼ እንደሚወስድ በሚገባው ቋንቋ ይነግረዋል።

በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ ይነሣል። አንዱ፥ ሐኪም የበላይ ስለ ሆነ ሌላ ሊያርመው አይገባም የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ከላይ በብራናው ምሳሌ ተነግሯል፤ የማዘዝ ኃላፊነቱ የሐኪሙ እንደ ሆነ ይኖራል፥ አራሚውም ያሳስባል እንጂ አይሽርም። ሁለተኛው፥ ገንዘብ የለንም የሚል ነው። ነገር ግን በከንቱ የተሰጠ መድኃኒት በብዙ የውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነው፤ በመድኃኒት ጉዳት ለተጨማሪ ሳምንት የተያዘ አልጋም ሌላ ሕመምተኛ በደጅ እያደረ የሚጠብቀው አልጋ ነው። ለአራሚ የሚከፈለው ደመወዝ ከዚህ ጋራ ቢመዘን እንደ ወጪ ብቻ የሚቈጠር አይሆንም።

ለካህናትና ለመምህራንም የምናሳስበው ነገር አለ፤ ሕመምተኛው ለሐኪሙ የማይነግረውን ለንስሐ አባቱ ይነግራልና። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ክኒን በጥዋት ወስዶ እስከ ተሲዓት ሳይበላ ቢውል ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት፥ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ ንስሐ አባቱ ስለ ጾም ሲጠየቅ አስቀድሞ ስለ መድኃኒቱ ቢጠይቅና ወደ ባለሙያው ቢመራው ነፍስን ያድናል። ስለ ጠበልም እንዲሁ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ መናገራቸው የታወቀ ነው። ወደ ጠበል ስፍራ የሚሄደውን ሰው መድኃኒትህን ይዘህ ሂድ፥ ሳትጠይቅም አታቋርጥ ብሎ መምከር በዚሁ መንገድ መሄድ ነው። አስተናጋጁ ካህን በዚህ ጊዜ ከሐኪም ቤቱ አራሚ ጋራ በአንድ ሥራ ይተባበራል።

ለሹማምንቱና ለየሐኪም ቤቱ አስተዳዳሪዎች ደግሞ አሳባችን ይህ ነው። አንደኛ፥ በየሕመምተኞቹ ክፍል የሚያገለግለው የመድኃኒት ባለሙያ በመደብ ታውቆ ይቁም፤ ለመጋዘን ሥራ የሚነሣውም በችግር ጊዜ ብቻ ይሁን፥ ሲነሣም ለምን ያህል ጊዜ እንደ ሆነ ይጻፍ። ሰው ያነሰ እንደ ሆነ ከሁሉ አስቀድሞ ብርቱ ሕመምተኞችና ሕፃናት የሚተኙበት ክፍል አይጓደል። ሁለተኛ፥ ማዘዣ አጠራጣሪ ሲሆን ሐኪሙ እስኪጠየቅ ድረስ መድኃኒቱን ለማቆየት መብት እንዳለው በጽሑፍ ይታወቅለት፤ የሰጠውም አሳብ በካርዱ ላይ ይጻፍ። ሦስተኛ፥ ስሕተትም ሆነ ለጥቂት የቀረ ስሕተት የሚመዘገብበት መዝገብ ይኑር፤ የመዝገቡም ዓላማ ለመማር ይሁን። ስሕተቱን የተናገረ ሰው ወዲያው የሚቀጣ ከሆነ ሁሉም ይደብቃል፤ የተደበቀ ስሕተትም በሚቀጥለው ሕመምተኛ ላይ ይደገማል። በቸልተኛነትና በክፋት የሚያደርገው ግን ሕግ አለለት። አራተኛ፥ የአራሚው ሥራ ይቈጠር፤ በዓመቱ ስንት ማዘዣ ተመረመረ፥ ስንቱ ታረመ፥ ስንቱንስ ሐኪሙ ተቀበለው የሚለው ከሐኪም ቤቱ የዓመት መግለጫ ጋራ አብሮ ይቅረብ። የሌላውን አገር ቍጥር ከመጥቀስ ይልቅ የራሳችን ቍጥር ያን ጊዜ ይመሰክርልናል።

እነዚህ አራቱ አዲስ ሕንፃ የሚጠይቁ አይደሉም። ባለሙያው በመንግሥት ገንዘብ ተምሯል፥ መድኃኒቱም ተገዝቷል፥ ሕመምተኛውም አልጋው ላይ ተኝቷል። የሚጎድለው በማዘዣውና በመርፌው መካከል አንድ የተማረ ዐይን ማቆም ነው። ይህንንም ለማድረግ ሥልጣን ያለው ሰው ነገ ጥዋት ወደ ሥራው ሲገባ የሐኪም ቤቱን የመድኃኒት ባለሙያ ጠርቶ ዛሬ በየትኛው ክፍል ውለሃል ብሎ ቢጠይቅ ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው።